ቢጫ ካርድና ቀይ ቅጠል

የመምህራን ማኅበር ስብሰባ ዱሮም አልወድም። አገር ቤት ሳስተምር መዋጮው ሳልጠየቅ ከደመወዜ ይቆረጣል፣ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ የኋላ ወንበር ይዘን ፈተና እናርማለን። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ የሚከፍለው የፈለገ ብቻ ነው። እኔም በሦስተኛ ዓመቴ «እስኪ የምከፍልበትን ልየው» ብዬ አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ለስብሰባው ወደ ሻርለትስቪል ከተማ ወረድኩ።

ብቻዬን አልነበርኩም። በተተኪ መምህርነት የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ «በዚህ ወቅት ለሚቀላው ቅጠል ስል እመጣለሁ» ብለው ተከተሉኝ። አባል አይደሉም፣ እንግዳ ሆነው ከጎኔ ተቀመጡ።

ድምፅ የምንሰጥበት ቢጫ ካርድ ታደለን። አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው «ሰከንድ» (እደግፋለሁ) ይላል፣ ከዚያ ማሻሻያ፣ ከዚያ የማሻሻያው ማሻሻያ። ለትምህርት መዘጋጃ የሚሰጠን ሰዓት «ሊከበር ይገባል» ይባል ወይስ «መከበር አለበት» በሚለው ላይ ብቻ አርባ ደቂቃ ሄደ! የቋንቋ አስተማሪ ነኝና ደስ አለኝ፣ ጋሼ ግን ሰዓታቸውን ያያሉ።

ምሳ ላይ «ካልተስማሙ ሥራ አያቆሙም እንዴ?» አሉኝ። በቨርጂኒያ ሕግ ሥራ ያቆመ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል፣ ለ12 ወርም የመንግሥት ሥራ አያገኝም። ስነግራቸው ሹካቸውን አስቀመጡ። እሳቸው በየካቲት 1966 ደሴ ላይ አዲስ ተቀጣሪ መምህር ነበሩ፣ የመምህራኑ አድማ ውስጥ ነበሩበት። «እኛ እኮ ሴክተር ሪቪውን፣ ያን መንግሥት ትምህርቱን ሊለውጥበት ያወጣውን ዕቅድ፣ አስቁመናል! ሥራ ማቆም ካልቻላችሁ ምኑን ማኅበር ሆናችሁ?» መልስ አጣሁ። የጋራ ድርድር፣ ማለትም ማኅበሩ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪው ጋር መደራደሩ፣ እንኳ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከሜይ 2021 ወዲህ ነው፣ እሱም የየአካባቢው የትምህርት ቦርድ እሺ ካለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ መጀመሪያ እሺ ያለው የሪችመንድ ቦርድ ነው። ይህን ስላቸው «እሺ ካለ!» ብለው ሳቁ።

ስንመለስ በተራራው አናት በሚሄደው መንገድ፣ በስካይላይን ድራይቭ፣ ወጣን። ሙሉው መንገድ 105 ማይል ነው፣ እኛ ከመሀል ገብተን ወደ ሰሜን ጫፉ፣ ወደ ፍሮንት ሮያል፣ 65ቱን ያህል ነዳን። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው፣ ጋሼ ደግሞ በየመመልከቻው ካልቆምን ይላሉ። መዝገበ ቃላት ፎልን፣ ይህን ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት፣ «መጸው» ይለዋል፣ ግን የኛ መጸው አደይ አበባና የጤፍ ማሳ ነው፣ ይሄኛው ቅጠሉ እየሞተ የሚያምርበት ነው። ሸለቆው ሁሉ በርበሬ የተሰጣበት ይመስል ነበር። ብርዱስ? ለጥቅምት አንድ አጥንት ነው እንጂ እኛ የያዝነው ከስብሰባው የተረፈ ኩኪስ ነው።

የመንገዱን ዳር የድንጋይ ግንብ እየዳሰሱ «ማን ሠራው?» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ሥራ ያጡ ወጣቶች መሆናቸውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። «ሥራ ሲያጡም ተሰብስበው ነው» አሉ በመጨረሻ።

ፍሮንት ሮያል ስንደርስ መሽቷል። ሀይዌይ 66 ላይ ትራፊኩ ቀጥ አድርጎ ያዘን።

«መዋጮው ስንት ነው ያልሽኝ?»

ነገርኳቸው።

«ውድ ነው» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።