ስለ ልጄ የለመንኩትን ጌታ እንዴት እንደመለሰልኝ

ጌታ ለቤቴ ያደረገውን ሳልመሰክር መቅረት ስለማይገባኝ ይህን እጽፋለሁ። የምንኖረው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ለአዮዋ ድንበር ቅርብ በሆነችው በዎርዚንግተን ከተማ ነው። የበኩር ልጃችን ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም የነገረን በሦስት ዓመቱ ነበር። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀን ግን አለመናገሩ ሳይሆን ራሱን መጉዳቱ ነው፤ እጁን እስኪደማ ይነክሳል፣ ግንባሩንም ከግድግዳ ጋር ያጋጫል።

በኅብረታችን የጸሎት ቡድን ተጾመለት፣ ተጸለየለትም። አንዳንዶች መንፈስ ነው ብለው ሊያስወጡለት ፈለጉ። ስለ ፍቅራቸው ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ፤ ሆኖም ኦቲዝም የአእምሮ ዕድገት ልዩነት እንጂ እርግማን ወይም ጋኔን እንዳልሆነ ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ከወይዘሮ ዘሚ የኑስ አንደበት ሰምቼ ነበር፤ እርሳቸው ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱ ሴት ነበሩ። ስለዚህ የእኔ ልመና፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጄ ምን እንደሚፈልግ የማውቅበትን መንገድ አሳየኝ፤ ራሱን ከመጉዳትም አድነው» የሚል ነበር።

በአቅራቢያችን የባህርይ ባለሙያ አልነበረም፤ ሚኒያፖሊስ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና ያስኬዳል፣ ወረፋውም ረጅም ነው። መልሱ የመጣው የልጃችንን ጉዳይ በምትከታተል ነርስ በኩል ነው። በሚኒሶታ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑና ኦቲዝም ላለባቸው ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን የሚከፍለው የባህርይ ድጋፍ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪም እንደሚሰጥ፣ አማርኛ አስተርጓሚም አብሮ እንደሚገባ ነገረችን።

የተመደበችልንን የባህርይ ባለሙያ፣ ልጁን ሳትነኪው እንዴት ትረጂዋለሽ ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ያሳተሙትን ጥናት ነገረችኝ፦ ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ርቀው የሚኖሩ ወላጆች በየአካባቢያቸው ክሊኒክ ሆነው በቪዲዮ እየተመሩ ድጋፉን ለልጆቻቸው በገዛ እጃቸው ሰጡ፤ የ17ቱ ሕፃናት አስቸጋሪ ባህርይም በአማካይ ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ።

አስቀድማ ጥርሱንና ጆሮውን ሐኪም እንዲያይልን አደረገች፤ መናገር የማይችል ልጅ ራሱን የሚመታው ስላመመው ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ታብሌቱን መደርደሪያ ላይ አስቁመን ጠዋት ሲለብስ፣ ጥርሱን ሲቦርሽ ተመለከተች፤ እኔም ከመንከሱ በፊት ምን እንደነበረ፣ ከነከሰ በኋላም ምን እንደተከተለ እጽፍ ነበር። ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ የሚነክሰው የማይወደውን ሲያሠሩት ነው፣ ሲነክስም ሁላችንም እንተወዋለን። ንክሻው «ይብቃኝ» የሚልበት ብቸኛ መንገዱ ነበር።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ሰጠነው፦ የተዘረጋ መዳፍ የተሳለበት ካርድ። ካርዱን ሲሰጠኝ ወዲያው አቁሜ አሳርፈዋለሁ፤ ሲነክስ ደግሞ እጁን በለስላሳ ትራስ እየጠበቅሁ፣ ያለ ቁጣ ልብሱን ማልበሴን እቀጥላለሁ። ባለሙያዋ በኤርፎን «ሳይነክስ ካርዱን አቅርቢለት፤ አሁን ጠብቂ» ስትል አስተርጓሚዋ ተከትላ በአማርኛ ትነግረኛለች። መጀመሪያ ላይ ንክሻው ሊብስ እንደሚችል አስጠንቅቃኝ ነበር፣ ባሰም፤ በእነዚያ ሌሊቶች እንባዬን በጌታ ፊት አፈሰስኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ካልሲ ላደርግለት ስል ማንም ሳይመራው ካርዱን አንሥቶ በእጄ ላይ አኖረው። ተንበርክኬ ጌታን አመሰገንኩ። ቀስ በቀስም ዕረፍት ከማግኘቱ በፊት አንድ እጅጌ፣ ኋላም ሁለቱን እጅጌዎች እንዲያጠልቅ አስለመድነው።

ዛሬ የእጁ ቁስል ድኗል። ኦቲዝሙ አለ፣ አሁንም አይናገርም፤ እኔ ግን የለመንኩትን በሙሉ እንደተቀበልኩ እመሰክራለሁ። «ይህ ሕክምና እንጂ የጸሎት መልስ አይደለም» ላሉኝ ወገኖች፣ ባለሙያ በሌለበት ከተማ በአስተርጓሚ በኩል በቋንቋዬ የምታስተምረኝን ሴት እስከ ቤቴ ያመጣልኝ እግዚአብሔር ነው እላለሁ። ጉዳቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ልጅ ያላችሁ ግን ቪዲዮ ብቻውን አይበቃምና ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

አሁን የምንጸልየው ስለ እንቅልፉ ነው። በዚሁ የቪዲዮ ትምህርት የመኝታ ሰዓቱን በሥዕል ማስተማር ጀምረናል፤ የትምህርት ቤት መምህሩም ያንኑ ካርድ ለመጠቀም ተስማምታለች። እናንተም በጸሎታችሁ አስቡን።