ሥሩ አፈር ያልነካ ተክል

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ከዓሣዎቹ ጀርባ የፈለጉት «ጫካ» ነበር። ሎቢው ደግሞ ጨለማ ነው፤ አኳሪየሙ ላይ ያለችው አንዲት ስስ ኤልኢዲ ብቻ ናት። ዲዛይነሯ ከስልኳ ያሳየችኝ ቀይ ተክል በዚያ ብርሃን የታች ቅጠሉን አራግፎ ግንዱ ብቻ እንደሚቀር ስነግራት አኮረፈች። ስለዚህ ከጀርባ ጃቫ ፈርን የሚባለውን የውሃ ተክል አደረግሁ። ቁመቱ ከ30 ሳንቲሜትር እምብዛም ስለማያልፍ ግንዱን በጥቁር ክር እንጨት ላይ አስሬ፣ እንጨቱን ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። በመስኮቱ በኩል ትንሽ ብርሃን ስለሚገባ እዚያ ጥግ ቫሊስኔሪያ የሚባል ሣር መሳይ የውሃ ተክል ተከልኩ፤ ሥሩን ጠጠሩ ውስጥ፣ አንገቱን ውጭ።

የግቢው አትክልተኛ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ሁሉንም ሲያዩ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ውሃ ልቀይር ስመለስ እንጨቱ ራቁቱን ቆሟል። ክሩ በሥርዓት ተጠቅልሎ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል፤ ጃቫ ፈርኑ እንደ ጎመን ችግኝ በመስመር ጠጠር ውስጥ ተቀብሯል። አንዱን ሳብ ሳደርገው ቅጠሉ እጄ ላይ ቀረ። ግንዱ ከሥር ጠቁሮ ላሽቋል፤ ሽታው አያድርስ ነው።

«ረስተኸው ነው ብዬ ተከልኩልህ» አሉኝ፣ ምስጋና እየጠበቁ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይቀበርም። ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል።»

«ሥሩ አፈር ሳይነካ ምን ሊበላ?»

«ምግቡን ከውሃው ነው የሚያገኘው። ሥሩ መያዣ ነው።»

«እንሰት አሚቾው ካልተቀበረ ችግኝ ከየት ታመጣለህ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ጉራጌ አገር እንሰት ሲተክሉ ያደጉ ሰው ናቸው፤ እኔ እንሰትን የማውቀው ቆጮ ሆኖ ከክትፎ ጋር ሲቀርብ ነው። ዛፍ ላይ የሚበቅሉትን ፈርኖች አነሳሁባቸው፤ እነሱስ አፈር አላቸው ወይ?

«እሱማ ጥገኛ ነው፤ እየነቀልኩ ነው የምጥለው።» ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ደግሞ የሸጡልህ ሰዎች አታለውሃል። ዋግ የመታው ነው።»

ዋግ ያሉት በቅጠሉ ጀርባ የተደረደሩትን ቡናማ ነጠብጣቦች ነው። ፈርን አበባም ፍሬም የለውም፤ የሚራባው በነሱ ነው። ነጠብጣብ ያዩባቸውን ቅጠሎች ሁሉ በመቀስ ቆርጠው ባልዲ ውስጥ ከተዋቸዋል።

ሥራ አስኪያጁ ለምትኩ አልከፍልም አሉ። የሞተ ተክል በኔ ወጪ እንዲተካ ውሉ ላይ አስፍረዋል፤ የራሳቸው ሠራተኛ ቢቀብረውስ የሚል አንቀጽ ግን የለም። አልተከራከርኩም። ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። ሰንበትበት ሲል «ዋግ የመታቸው» ቅጠሎች ጠርዛቸው ላይ ጥቃቅን ፈርኖች ከነሥራቸው አበቀሉ፤ ምትኩን ያለ አንድ ብር ወጪ ከነሱ ሠራሁት። ሥራ አስኪያጁ ይህን አያውቁም።

ሳስር አትክልተኛውን አጠገቤ አቁሜ አሳየኋቸው። ግንዱን ጫን፣ ክሩን ሁለት ዙር፣ ሳይጠብቅ። «ይሄ የውሃ ተክል አይቀበርም» አልኳቸው ደጋግሜ። በጥሞና ሰሙኝ።

በሚቀጥለው ስመጣ ጃቫ ፈርኑ ደህና ነው። ቫሊስኔሪያው ግን አንድ በአንድ ተነቅሎ፣ በጥቁር ክር ሁለት ሁለት ዙር፣ ሳይጠብቅ፣ ድንጋይ ላይ ታስሯል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ ይቀበራል!»

«አንዱን ወስን እንጂ አንተ ልጅ!»