የወለቀ ክራውን ውስጡ ምን ይላል? ስለ ሲሚንትና ስለ ገጽ ጽዳት የልምድ ማካፈያ

ክራውን (ጥርስ ላይ የሚደፋው ሽፋን) ወልቆ ሲመጣ ቀድሞ የሚወቀሰው ሲሚንቱ (ማጣበቂያው) ነው። ሲሚንት ከመቀየር በፊት ግን ክራውኑን ገልብጦ በደንብ ማየት ይሻላል። ሲሚንቱ በሙሉ ጥርሱ ላይ ቀርቶ የክራውኑ ውስጥ ባዶና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ችግሩ የክራውኑ ገጽ ነው። ሲሚንቱ ክራውኑ ውስጥ ሆኖ ጥርሱ ራቁቱን ከቀረ፣ ዴንቲኑ (ከኢናሜሉ ሥር ያለው የጥርስ ክፍል) ቆሽሾ ወይም ከመጠን በላይ ደርቆ ነበር ማለት ነው። ሲሚንቱ በሁለቱም በኩል ተከፍሎ ከቀረ የሲሚንቱ አበጣበጥ ይጠርጠር።

የመጀመሪያው ዓይነት ዚርኮኒያ (ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ) ላይ የተለመደ ነው። ክራውኑ አፍ ውስጥ ልኩ ሲሞከር ከምራቅ የሚመጣ ፎስፌት ከዚርኮኒያው ጋር ይያያዛል፤ በውሃ ብቻ አይለቅም። «በአሲድ እናጽዳው» ብሎ ፎስፎሪክ አሲድ መቀባት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ አሲዱ ራሱ ፎስፌት ስለሆነ ኤምዲፒ (ዚርኮኒያን ከሲሚንት የሚያያይዘው ኬሚካል) የሚይዝበትን ቦታ ቀድሞ ይወስዳል።

ስለዚህ ከአሠራራችን የለወጥነው ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፦ ሳንድብላስት (ደቃቅ ዱቄት በአየር ግፊት መርጨት) ከሙከራ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ላቦራቶሪው አድርጎት ቢልከውም ምራቅ ከነካው በኋላ ድጋሚ ይሠራል። የክራውኑን ውስጥ በማርከር ቀለም መቀባት፣ ከዚያ 50 ማይክሮን አሉሚና ከ1 እስከ 2 ባር ግፊት፣ ከ10 ሚሊሜትር ርቀት፣ ቀለሙ ከየማዕዘኑ እስኪጠፋ ድረስ። ቀለም የቀረበት ቦታ ያልተነካ ቦታ ነው። ብርሃን አሳላፊው ዚርኮኒያ ጥንካሬው ዝቅ ስለሚል ከ1 ባር አለማለፍ ይሻላል። ሳንድብላስተር ከሌለ ለዚሁ የተሠራውን የዚርኮኒያ ማጽጃ ለ20 ሴኮንድ ቀብቶ በደንብ ማጠብ ነው። ቀጥሎ ማድረቅ፣ ኤምዲፒ ያለው ፕራይመር (ከሲሚንቱ በፊት የሚቀባው)፣ ሲሚንት።

ሊቲየም ዳይሲሊኬት (የመስታወት ሴራሚክ) በተቃራኒው ነው። 5% ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለ20 ሴኮንድ፣ ማጠብ፣ ከዚያ ሲሌን (ሴራሚኩን ከሬዚን የሚያያይዝ ፈሳሽ) ለ60 ሴኮንድ። ከተሞከረ በኋላ በፎስፎሪክ አሲድ ቢጸዳ ግን ምንም አይሆንም። ሃይድሮፍሎሪኩ አፍ ውስጥ አይገባም፤ ይህ ድርድር የለውም።

ወደ ጥርሱ ስንመጣ፣ ጊዜያዊውን ክራውን በያዘው ሲሚንት ውስጥ ያለው ዩጂኖል (ያው የቅርንፉዱ ዘይት) ሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ሲሚንት) እንዳይጠነክር ያደርጋል። የመጨረሻው ሲሚንት ሬዚን ከሆነ ጊዜያዊውም ዩጂኖል የሌለው ይሁን። ያም ቢሆን ርዝራዡ መነሳት አለበት፦ በስኬለር ተፍቆ፣ በፑሚስ (የድንጋይ ዱቄት) እና በውሃ ተቦርሾ። ዘይትና ፍሎራይድ ያለው የማጽጃ ፔስት አይሆንም። ሃይፖክሎራይትም (የበረኪና ዓይነት ማጽጃ) የሚለቀው ኦክስጅን ሬዚኑን ስለሚያዳክም በመጨረሻ ሰዓት ዴንቲን ላይ አይፈሰስ። ለግላስ አይኖመር (ሌላ የሲሚንት ዓይነት) ዴንቲኑ እርጥበቱ በትንሹ የሚታይ ይሁን፤ በአየር ከመጠን በላይ ማድረቅ ለሕመምም ለመውለቅም ይዳርጋል።

ከ4 ሚሊሜትር ያነሰ ቁመት ያለውና ወደ ላይ በጣም የሾለ የተሞረደ መንጋጋ ጥርስ ላይ ግን ከግላስ አይኖመር ብዙ መጠበቅ የለብንም። ወይ ጥርሱ ላይ ጎድጓዳ መስመር ይጨመርለት፣ ወይ በሬዚን ይያዝ።

ዚንክ ፎስፌት (የቆየው በዱቄትና በፈሳሽ የሚለወስ ሲሚንት) አሁንም የሚጠቀም ካለ፣ የመስታወቱ ሰሌዳ ቀዝቃዛና ደረቅ ይሁን፤ ዱቄቱ በጥቂት በጥቂቱ፣ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ፣ በጠቅላላው ለ90 ሴኮንድ ያህል ይለወስ። በስፓቹላ ሲነሳ 2 ሴንቲሜትር ያህል ክር ከሠራ ደርሷል። ሰሌዳው ከሞቀ ቶሎ ይወፍርና ክራውኑ ሳይወርድ ከፍ ብሎ ይቀራል።

ክራውኑን እስከ አፉ መሙላትም ያንኑ ጥፋት ያመጣል፤ ሲሚንቱ መውጫ ያጣና ከታች ይገፋዋል። ግድግዳውን በስሱ መቀባት ይበቃል። ሬዚን ከሆነ ትርፉን በብርሃን 1 ወይም 2 ሴኮንድ ብቻ ነክቶ፣ እንደ ላስቲክ ሲሆን፣ ክራውኑን በጣት ተጭኖ ይዞ ትርፉን ማንሳት ነው። በጥርሶቹ መካከል የቀረውን ትርፍ የሚያወጣው የጥርስ ክር ወደ ጎን ይሳብ፤ ወደ ላይ ከተጎተተ ገና ያልጠነከረውን ክራውን ይዞት ይነሳል።