ክዳኑ ያላለቀ ሙዳይ

ከነጋ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ነበርና መኪናዬን አስነስቼ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ወዳለው ገላጣ አምባ፣ ወደ ዳርትሙር ወጣሁ። ጉምና ካፊያ ነበር። ያ የአስታ ዘመድ የሆነው ቁጥቋጦ እስከ ጉልበቴ አራሰኝ። ኮረብታው ጫፍ ላይ የድንጋይ ክምር አለ፤ የነሐስ ዘመን መቃብር ነው፤ እንዲህ ያለው በዚያ አምባ ላይ ሞልቷል። እጄን አንዱ ድንጋይ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛና ሻካራ፣ ግራጫ ሽበት የበቀለበት።

እዚያው እንደቆምኩ ኋይትሆርስ ሂል ትዝ አለኝ። እሱም ዳርትሙር ውስጥ ነው፣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያ ከጥቁሩ ረግረግ አፈር ውስጥ አንድ የድንጋይ ሣጥን ተከፈተ፤ በውስጡ ከ3,500 ዓመት በላይ የቆየ የአንድ ወጣት የተቃጠለ አጥንት፣ በድብ ቆዳ ተጠቅልሎ። አፈሩ ውሃ የጠገበና አየር የማያስገባ ስለሆነ ሌላ ቦታ የሚበሰብሰው ሁሉ ተርፏል። ቆዳው፣ ከሳማ ቃጫ የተሸመነው ጨርቅ፣ ከ200 በላይ ዶቃ።

የተገኘው ሁሉ ፕሊመዝ ከተማ ላይ ለሕዝብ ሲታይ ሄጄ ነበር። ሰው ሁሉ ዶቃው ጋ ሲጋፋ እኔ አብራ የተገኘችው ቅርጫት ጋ ቀረሁ። ከዛፍ ልጥ የተሠራች፣ በከብት ጸጉር የተሰፋች ትንሽዬ ነገር ናት። ስፌቷ ደቃቅ ነው። እማዬን አየኋት፦ ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፣ ወስፌውን በከንፈሯ ይዛ፣ ዙሩ ከተንጋደደባት ያለ ርኅራኄ ፈትታ እንደገና ስትጀምር።

እነዚያ ሰዎች እሳቱ ከበረደ በኋላ አጥንቱን ለቅመዋል። ጠቅልለዋል። ቅርጫቷን አብረው አስቀምጠዋል። በገዛ እጃቸው።

እኔ እማዬን አፈር አላለበስኩም። በሞተችበት ዓመት መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ ቀብሯን በስልክ ነው ያየሁት፣ እሱም እየተቆራረጠ። የመጨረሻ ሙዳይዋ እዚህ ቁም ሣጥኔ ላይ አለ። ዓይኗ ሲደክም ክዳኑን ሳትጨርስ ነው የላከችልኝ። የአክርማው ጫፍ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ወስፌ ያለፈበት የመጨረሻው ቀዳዳ እንኳ አልተደፈነም።

ማታ አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ስፌት አስተምራኛለች፤ ልጨርሰው እችላለሁ። ግን የእኔ እጅ ከገባበት የእሷ መሆኑ ይቀራል? ወይስ ይዤው ሄጄ እግሯ ሥር ልቅበረው? እህቴን ልጠይቃት ብዬ ስልኩን አነሳሁ። አገር ቤት ሌሊት ነው። መልሼ አስቀመጥኩት።