ከጉና ወርዶ ባሕር ዳር የተኛ ጎማ

ባሕር ዳርን በወበቋ ብቻ የሚያውቃት ሰው በታኅሣሥ ማለዳ ይምጣና ይያት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ካረፍንበት ቤት ስወጣ ጣና ከነደሴቶቹ ጉም ለብሷል። ታንኳ ሲቀዘፍ ይሰማል እንጂ አይታይም። ሾፌራችን ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከመኪናው ኋላ ቆሟል። እንደወትሮው እንዴት አደርክ አላለኝም፤ የኋላውን የግራ ጎማ በጫማው ጫፍ መታ አደረገና «ተኝቷል» አለኝ፣ ስለታመመ ዘመድ እንደሚናገር ሰው።

ዕቅዳችን በማለዳ ወደ ዘጌ ሄደን በቡናው ጥላ ሥር ወደ ገዳማቱ በእግር መዝለቅ ነበር። የጎማው ሁኔታ ግን ቸርኬው መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ነው። የመጀመሪያው ጥርጣሬ በግቢው ላይ ወደቀ፤ ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ። ዘበኛው ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠረው። «ጋሼ፣ ይህን ግቢ በእጄ ነው የምጠርገው» አለና ባትሪውን አብርቶ መኪናው ሥር ገባ። ሚስማር አልተገኘም።

የእኔ ሐሳብ ወደ ትናንት ሄደ።

ትናንት ማለዳ በሐሙሲት በኩል ወደ ፎገራ ሜዳ ወጥተን ነበር። ሩዙ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ጉማራን በድልድይ ተሻገርን፤ ይህ ወንዝ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ጣና የሚገባ ስለሆነ፣ እኛ ውሃው የወረደበትን አገር ሽቅብ እየሄድን ነበር ማለት ነው። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ደብረ ታቦር ደረስን። አፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ያሠሩበትን ጋፋትን ማየት ፈልጌ ነበር፤ ሾፌራችን «ስንመለስ» አለ፤ ስንመለስ ጨለመ።

ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እኛ ጫፉን አልነካንም፤ አስፋልቱን ለቀን በኮረኮንቹ እያዘገምን ጅብራው፣ ያ የውርጭ አገር ተክል፣ ብቅ ብቅ እስከሚልበት፣ 3,400 ሜትር ገደማ ድረስ ወጣን። ዳገቱ ሲብስ ሾፌራችን ወርዶ አራቱንም ጎማዎች ከ35 ወደ 25 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ አየር ግፊት የሚለካበት ነው) አስተነፈሳቸው። ለዘብ ያለ ጎማ መሬት ላይ ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ ድንጋዩን ያቅፋል፤ ጢም ብሎ የተነፋው ግን ይዘልላል፣ ይንሸራተታል። ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔም የያዝኳትን ሃይላንድ ውሃ እዚያው ጨርሼ ባዶዋን ክዳኗን አጥብቄ ወደ ኋላ ወንበር ወረወርኳት። ይህችን ፕላስቲክ አትርሷት።

ደብረ ታቦር ላይ ጎማውን መልሰን ልናስነፋ ቆምን፤ መብራት ስለጠፋ ኮምፕረሰሩ አይሠራም። «ባሕር ዳር እናስነፋዋለን» ተባባልን። በለዘበ ጎማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት መንዳት የጎማውን ጎን እያጠፈ እንደሚያሞቀው ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ርቦን ነበር። ቀስ ብለን ነድተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ገባን፤ ማስነፋቱም ተረሳ።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። በክሪክ አነሣነው፣ በስኮርታው ቀየርነው፣ ወደ ጎሚስታ ሄድን። ጎሚስታው እጁ በጥቁር ቅባት የተለወሰ፣ ዓይኑ ግን ንቁ የሆነ ወጣት ነው። የተኛውን ከማየቱ በፊት ደኅና መስለው የቆሙትን ሦስቱን ለካ። ሦስቱም 21 ላይ ቆሙ።

«25 ነው ያደረግኋቸው። ማኖሜትርህ ይዋሻል» አለ ሾፌራችን።

«አባቴ፣ የት ሆነው ነው ያደረጉት?»

«ጉና።»

«እህ» አለ ልጁ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

በዚህ ጊዜ ነው ከኋላ ወንበር ላይ ሃይላንዷን ያየኋት። ማንም ሳይረግጣት ጎኗ ተጨራምቶ ገብቷል። ጉና ላይ የዘጋሁባት ስስ አየር ባሕር ዳር ድረስ አብሮን ወርዶ፣ እዚህ ያለው ወፍራም አየር ከውጭ ጨምቋታል። ማኖሜትር የሚነግረን በጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት በሙሉ አይደለም፤ ከውጭው አየር የሚበልጥበትን ብቻ ነው። በ3,400 ሜትር የውጭው አየር 9.7 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይጫናል፤ ጣና ዳር፣ በ1,800 ሜትር ግድም፣ 11.8 ይሆናል። አንዲት ትንፋሽ ሳትወጣ 2 ያህል የጠፋው በቁልቁለቱ ነው። ሌላው 2 የብርዱ ድርሻ ነው። ቀን ሲለካ ጎማው ቢያንስ 27 ዲግሪ ይሞቅ ነበር፤ ንጋት ላይ ባሕር ዳር 9 ዲግሪ ነበረች። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። በተለመደው የመኪና ጎማ ልክ ሲሰላ በየ6 ዲግሪው ቅዝቃዜ 1 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይወርዳል፤ ለዘብ ባለው ላይ ትንሽ ያንሳል። ማኖሜትሩ አልዋሸም።

አራተኛው ግን በዚህ ሒሳብ አይተኛም። ልጁ ነፋውና የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባው። በጎማው ጥርስ በኩል ዝም፤ በቫልቩ በኩል ዝም፤ ከቸርኬው ጠርዝ ላይ ግን አረፋው እንደ ጠላ ገንፍሎ ወጣ። ፈልቅቆ ሲያሳየን በጎማው ከንፈር፣ ቸርኬው ላይ በሚገጥመው ጠርዙ፣ ሥር ደቃቅ ጠጠርና የደረቀ ሣር ተሰግስጓል፤ ቸርኬውም ዝጓል። «ሚስማር አይደለም ጋሼ፤ ጎማውና ቸርኬው ተኳርፈው ነው» አለኝ።

እንደ እኛው ያለ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) የሌለው ጎማ አየሩን የሚይዘው ከንፈሩ ቸርኬው ላይ ተጭኖ ስለሚገጥም ነው፤ የሚጭነውም ያው የውስጡ አየር ነው። አየሩ ሲቀንስ ጭነቱ ይላላል፤ ኮረኮንቹ ላይ ጎኑ ሲታጠፍ ጠጠር ይገባል። ቀን ላስቲኩ ሞቅ ብሎ ሲለጠጥ ክፍተቱን ይሸፍነዋል። ሌሊት ግፊቱ ወርዶ ላስቲኩም ደረቅ ሲል፣ ቀን የታመቀችው ቀዳዳ ታፏጫለች። እርግጥ ነው 9 ዲግሪ ጎማን ድንጋይ አያደርግም፤ ውሃ በረዶ በሚሆንበት አገር ግን ነገሩ ይብሳል። በተለይ አሸዋና ጭቃ ላይ በሚነዱት ባለአራት ጎማ ሞተሮች ላይ። እነዚህ የሚነፉት 5 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ብቻ ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ ከ25 ዲግሪ ወደ 0 ሲቀዘቅዙ ሲሶውን ያህል ያጣሉ፤ በ35 የተነፋው ግን 4 ገደማ ቢያጣ ነው። ብርዱ አንድ ሆኖ ጉዳቱ የሚለያየው ለዚህ ነው።

«በእኛ ጊዜ ካላማዳሪ ነበረ፤ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም» አለ ሾፌራችን።

«አስተንፍሰው ዳገት ሲወጡ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና የካላማዳሪውን ቫልቭ ይበጥሰዋል፣ አባቴ» አለው ልጁ፤ በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን እየፈገፈገ። ሾፌራችን አልመለሰም፤ ሳይደርስበት አልቀረም።

ጎማው ተገጠመ፤ ልጁ ጣቱን በምራቁ አርሶ የቫልቩን አፍ ሞከረ። ሁሉም ገና ቀዝቃዛ ሳሉ 35 ተነፉ። ዘጌ የደረስነው ፀሐዩ ከጠነከረ በኋላ ነው፤ ለካስ የቡናው ጥላም የሚጥመው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ እንደገና ጣና ላይ ነበር። የራሴን ማኖሜትር ገዝቼ ስለነበር ጎንበስ ብዬ ለካሁ፤ አራቱም 34 እና 35። ሾፌራችን ቁጥሩን አየ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ዞሮም አራቱንም አንድ በአንድ በእርግጫ መታቸው።