ምጡን ስጠብቅ ጡት ማጥባቱን ረሳሁት

እርጉዝ ሆኜ የሚያስፈራኝ ምጥ ብቻ ነበር። ስለሱ ያላነበብኩት የለም። አተነፋፈስ ሳይቀር ተለማምጃለሁ። ጡት ማጥባትን ግን በራሱ ይመጣል ብዬ ተውኩት።

ምጡ በ39ኛው ሳምንት፣ ሌሊት ላይ ጀመረኝ። 14 ሰዓት ፈጀ። ከባድ ነበር፣ ግን አለፈ። ልጄን እንደተወለደች ደረቴ ላይ አስተኙልኝ። እርጥብ ፀጉሯ አገጬን ሲነካኝ እስካሁን ይሰማኛል።

ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባጠባኋት ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። በሁለተኛው ቀን የጡቴ ጫፍ ተሰነጠቀ። የሚወጣው ደግሞ ወፈር ያለ ቢጫ ጠብታ ነው። ሌሊት ስታለቅስ "ወተት የለኝም፣ ልጄን እያስራብኳት ነው" እያልኩ አብሬያት አለቀስኩ።

በ3ኛው ቀን አንዲት አዋላጅ ነርስ "እስቲ አጥቢያትና ልይ" አለችኝ። ዝም ብላ አየችን። "የያዘችው ጫፉን ብቻ ነው።" ትንሿን ጣቴን በአፏ ጥግ አስገብቼ አላቀቅኳት። ነርሷ የልጄን ሆድ ከሆዴ ጋር አገጣጠመች፣ አፍንጫዋን ከጡቴ ጫፍ ትይዩ አደረገችና ጠበቀች። ልጄ እንደሚያዛጋ ሰው አፏን ስትከፍት ፈጠን ብላ አስጠጋቻት። አገጯ ጡቴ ላይ ተለጠፈ፣ የታች ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገለበጠ። ሕመሙ ወዲያው ቀለለኝ። ከዚያ ስትውጥ ሰማኋት።

ቢጫው ነገር እንገር፣ ማለትም የመጀመሪያው ወተት እንደሆነ ያወቅኩትም ያን ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚጠባው 1 ወይም 2 የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ወተቱ ሞልቶ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያ ሁሉ ለቅሶ በቀረልኝ!

ከዚያ ወዲህ ለቅሶዋን አልጠበቅኩም፤ ለቅሶ የረሃብ የመጨረሻ ምልክት ነው። እጇን ወደ አፏ ስትወስድ፣ አንገቷን እያዞረች ስትፈልግ ወዲያው አጠባታለሁ። በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማለት ነው። አዎ፣ ያደክማል። "ጠግባ ይሆን?" እያልኩ ከመጨነቅ ደግሞ ዳይፐር መቁጠር ጀመርኩ፤ ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት 6 እና ከዚያ በላይ እርጥብ ዳይፐር ካለ ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ወይም ልጅ ለመጥባት ካልነቃ ግን ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት ነው።

በ12ኛው ቀን አስመዘንኳት። ከተወለደች በኋላ የቀነሰችውን ክብደት መልሳ ጥቂት ጨምራለች። ሚዛኑ ላይ ሆና እጇን ትጠባለች፤ ርቧታል ማለት ነው። እዚያው ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩና አጠባኋት።