ሆድ ላይ ከረጢት ላለብን የክት ልብስ

የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰመር ሲገባ እዚህ ሰርጉ፣ መልሱ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ ይደራረብና የሀበሻ ሴት ሁሉ ምን ልልበስ ትላለች፣ እኔም እላለሁ ግን የኔ ጥያቄ ትንሽ ይለያል ምክንያቱም ሆዴ ላይ ከረጢት አለ። ይሄ ጉዳይ በኛ ሰዎች መሀል በግልጽ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፣ ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ፣ አንዷ እህቴ እንኳን ብትጠቀምበት ደስ ይለኛል።

ላልሰማችሁ ባጭሩ፣ ኡልሰራቲቭ ኮላይተስ የሚባል የትልቁ አንጀት ቁስለት ለአመታት ሲያሰቃየኝ ኖሮ በመጨረሻ ትልቁ አንጀቴ በኦፕሬሽን ወጣ፣ የትንሹ አንጀት ጫፍ ደግሞ ከእምብርቴ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ በሆዴ በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ ቆዳዬ ላይ ተሰፋ። ይሄ ኢሊዮስቶሚ ይባላል። ከትልቁ አንጀት ከሆነ ኮሎስቶሚ ይሉታል፣ እሱ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ነው። የወጣው ጫፍ ስቶማ ነው ስሙ፣ ቀይና እርጥብ ነው፣ የጉንጫችንን ውስጠኛ ክፍል ይመስላል። ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ጡንቻ ስለሌለው ሰገራው ሲመጣ ይመጣል፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ዌፈር የተያዘ ከረጢት ይቀበለዋል፣ ሲሶው ወይ ግማሹ ሲሞላ ሽንት ቤት ገብቼ አፈሳለሁ። ደግሞ ስቶማ ላይ የሕመም ስሜት የለም፣ ቀበቶ እየፈገፈገ ቢያቆስለው እንኳን አይታወቃችሁም፣ ለልብስ ምርጫ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ኦፕሬሽን የተደረግኩ ሰሞን ጥሪ ሲመጣ አሞኛል እያልኩ ብዙ ሰርግ ቀርቻለሁ። የሰው አይን ፈርቼ ነው። የኛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሆድ ነው መሰለኝ፣ ትንሽ ገፋ ካለ "እንኳን ደስ አለሽ ስንት ወርሽ ነው" ይላል፣ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ ግን መልሱ ያደክማል። ኋላ ላይ ግን ታናሽ እህቴ ልታገባ ሆነ፣ የእህቴን ሰርግ እንዴት ቤቴ ተቀምጬ አሳልፋለሁ? ያኔ ነው ልብስን በስርአቱ ማጥናት የጀመርኩት።

ሁሉም ሰው የሚመክረው አንድ ነገር ነው፣ "ሰፋ ያለ ልበሺ"። እኔ በዚህ አልስማማም። ስፋት ብቻውን ምንም አይሰራም፣ ጨርቁ ስስና ተንሸራታች ከሆነ የቱንም ያህል ቢሰፋ ስትራመጂ ሆድሽ ላይ ይለጠፍና የከረጢቱን ዙሪያ በደንብ ያሳያል። ሳቲን በተለይ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ መብራት ሲያርፍበት እብጠቱን ያጎላዋል፣ ስስ ጀርሲም እንደዛው። የሚሻለው ክብደት ያለውና ገበር የገባበት ጨርቅ ነው፣ ክሬፕ ወይ ወፈር ያለ ጥጥ፣ እሱ በራሱ ቅርጽ ስለሚቆም ከሆድ ጋር አይጣበቅም። አበባ ወይ ሌላ ንድፍ ያለበት ከአንድ ቀለም ይሻላል። ጎን ላይ የተሸበሸበ ቀሚስ ወይ ከፊት ተደራርቦ የሚታሰር ደግሞ ለኛ የተሰራ ነው የሚመስለው፣ ከረጢቱ ሲሞላ የሚሄድበት ቦታ አለው፣ ደሞም ወገብ ያወጣል፣ ወገብ ያላት ሴት ወገቧን ለምን ትደብቃለች?

የወገብ ስፌቱ ነገር ከሁሉም ይበልጣል። ስፌቱ ወይ ከስቶማው በላይ ይሁን ወይ ከታች፣ በጭራሽ እላዩ ላይ አይረፍ። እላዩ ላይ ካረፈ ከረጢቱን ለሁለት ያጥፈዋል፣ የሚወጣው ነገር ወደታች መውረድ ያቅተውና ከላይ ይጠራቀማል፣ ከዛ በዌፈሩ ስር መሾለክ ይጀምራል፣ በነጭ ቀሚስ ላይ ይሄ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ገና ኦፕሬሽን የምታደርጉ ካላችሁ ይቺን ስሙኝ። ስቶማው የት እንደሚወጣ ከኦፕሬሽኑ በፊት ስቶማ ነርስ ሆዳችሁ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች፣ ቁጭ በሉ ቁሙ ጎንበስ በሉ እያለች እጥፋቱን ታያለች። ያን ቀን ቀሚስና መቀነት ይዛችሁ ሂዱና የምታስሩበትን ቦታ አሳዩአት፣ አስተርጓሚ ካስፈለገ ጠይቁ፣ አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል። ይሄ የስቶማ ነርሶች ሙያ ራሱ የተጀመረው በታማሚ ነው፣ ኖርማ ጊል የምትባል ራሷ ኢሊዮስቶሚ ያላት ሴት ናት 1958 ላይ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ከዶክተር ሩፐርት ተርንቡል ጋር ሆና መስራት የጀመረችው፣ ነርስ እንኳን አልነበረችም። ይሄን ስሰማ እንዴት እንደበረታሁ።

ወደ ሀበሻ ቀሚሱ ልምጣ። ለሰርጉ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ነው ያሰፋሁት፣ ሰፊው ለቤተሰባችን ከድሮ ጀምሮ የሚሰፋ ሰው ነው፣ በስልክ ልነግረው ስል ድምጼ ተንቀጠቀጠ። "ወንድሜ እኔ ሆዴ ላይ በኦፕሬሽን የተደረገ ነገር አለ፣ ከረጢት አለው" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "እሺ እህቴ፣ ከጡትሽ ስር ወደታች ስንት ሴንቲ ነው? ከእምብርት ወደ ቀኝስ?" ብሎ ጠየቀኝ። በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ከዛ አንድ የቆየ ቀሚስ ልበሺና ቦታውን ከላዩ በእስክሪብቶ ክበቢበት፣ ቆመሽም ተቀምጠሽም ፎቶ ላኪልኝ አለ፣ በቴሌግራም ላኩለት። ስፌቱን ከጡቴ ስር አደረገው፣ ከዛ ጀምሮ ወደታች ሰብሰብ እያለ እንዲወርድ፣ በቀኝ በኩል ሽብሽቡን ትንሽ አበዛው፣ ከውስጥ የጥጥ ገበር አስገባ። ጥለቱን ደግሞ ደረቱ ላይና ከመሀል ወደታች በቀጭኑ አወረደው፣ ያየኝ ሰው አይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አንገቴ ስር ያለው ጥለት ላይ ነው። ቀሚሱ ደርሶኝ ስለካው መስታወት ፊት ቆሜ አለቀስኩ፣ የደስታ ነው።

መቀነቱ ላይ ግን ከእማዬ ጋር ተነጋገርን። ለሷ ያለ መቀነት ቀሚስ ቀሚስ አይደለም። ወገቤ ላይ አጥብቃ ልታስርልኝ ስትል እጇን ይዤ ከረጢቱ የት እንደሆነ በጨርቁ ላይ አስነካኋት፣ እስከዛ ቀን ነክታው አታውቅም ነበር። ዝም ብላ መቀነቱን ፈታችው፣ ከፍ አድርጋ ከጡቴ ስር አሰረችውና ጫፉን በግራ በኩል ለቀቀችው። ስቶማዬ በቀኝ ነዋ። ኮሎስቶሚ በግራ ያላችሁ ደግሞ ጫፉን በቀኝ ልቀቁት። የመልሱ ቀን ካባ ስለሚደረብ ምንም አያሳስብም፣ ካባ ሁሉንም ይሸፍናል።

ሽንት ቤቱንም አስቡበት። ወለል የሚነካ ቀሚስ ለብሶ በጠባብ የአዳራሽ ሽንት ቤት ውስጥ ከረጢት ማፍሰስ ሙያ ይፈልጋል። እኔ ቀሚሱን ከታች ሰብስቤ ወደ ላይ አነሳና በልብስ መቆንጠጫ ትከሻዬ ላይ እይዘዋለሁ፣ ነጠላውን ሰው ጋር ትቼ ነው የምገባው፣ ከማፍሰሴ በፊት ሳህኑ ላይ ሶፍት ጣል አደርጋለሁ እንዳይረጭ። ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ትርፍ ከረጢት፣ ዌፈር ተቆርጦ የተዘጋጀ፣ ሶፍት፣ ፌስታልና ትርፍ የውስጥ ሱሪ አለ፣ ሁልጊዜ። ከላይና ከታች የተለያየ ሆኖ የሚሰፋ ቀሚስ ከሆነ በጣም ይቀላል። ጃምፕሱት ግን እባካችሁ ይቅርባችሁ፣ ለማፍሰስ ብቻ እላያችሁን በሙሉ ማውለቅ ነው።

የውስጥ ልብስ ከእምብርት በላይ የሚደርስ፣ ለስለስ ያለና የሚይዝ ይሁን፣ የሚያፍን አይደለም። ሆድ የሚጨምቀውን ጠንካራውን አልወደውም፣ ፍሰቱን ያግደዋል። ከውስጥ ለከረጢቱ ኪስ ያለው ይሸጣል፣ ከረጢቱ ከቆዳ ጋር ስለማይነካካ ላብም ኮሽታም ይቀንሳል። ነጭ ለምትለብሱ ደግሞ ከረጢቱ የቆዳችሁን ቀለም የሚቀርብ ይሁን፣ ነጭ በነጭ ስር ይታያል፣ ግልጽ የሆነውማ ጭራሽ አይሆንም። ልብስ ስትለኩ ባዶ ከረጢት ይዛችሁ ቆማችሁ አትለኩ፣ ቤት ውስጥ ትርፍ ከረጢት ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ለጥፉትና ተቀምጣችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፣ ሰርግ ላይ ብዙውን ሰአት የምናሳልፈው ተቀምጠን ነዋ። ኦፕሬሽን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ሆዱም ስቶማውም እብጠቱ እስኪቀንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፣ ከዛ በፊት ልኬት አትስጡ፣ ይሰፋባችኋል።

ስለ ምግቡ ባጭሩ፣ እንዳይሞላብኝ ብላችሁ ጾማችሁ አትሂዱ፣ ባዶ አንጀት ጋዝ ያበዛል፣ ከረጢቱን የሚነፋው እሱ ነው። ቢራና ለስላሳም እንደዛው። ቡና ሲፈላ የሚመጣውን ፈንዲሻ ኢሊዮስቶሚ ያለን ሰዎች እንዳንነካው ነው የምለው፣ ሳይፈጭ ቀርቶ አንጀት ሊዘጋ ይችላል፣ እሱ ደሞ ኢመርጀንሲ ያስኬዳል።

ወንዶችም አላችሁ። የድጋፍ ግሩፕ ውስጥ የተዋወቅኩት ሀበሻ ወንድሜ (ዩናይትድ ኦስቶሚ አሶሴሽንስ ኦፍ አሜሪካ የሚባለው ማህበር በብዙ ከተማ እንዲህ አይነት ግሩፕ አለው) ለሱፍ ልብስ ቀበቶን ትቶ ከትከሻ የሚያያዝ የሱሪ ማንገቻ ነው የሚያደርገው፣ ሱሪው ከእምብርት የሚጀምር ከፊት እጥፋት ያለው፣ ኮቱ ደግሞ አንድ ቁልፍ ተቆልፎ። ማንም አያውቅበትም፣ ሚዜ ሆኖ ሲገባ አይቼዋለሁ ሸበላ ነው።

በእህቴ ሰርግ ጨፈርኩ። እስክስታ በትከሻ ነው፣ ሆድን አይነካም፣ ከሱ በፊት ከረጢቴን አፍስሼ ነበር። የጉራጌው ሲመጣ ዝላይ ስላለው ከውስጥ ከረጢቱን ደግፎ የሚይዘውን ቀበቶ አድርጌ ነበርና እሱም አለፈ። አንዲት የእናቴ ጓደኛ አጥብቀው ሲያቅፉኝ ነክቷቸው "ይሄ ምንድነው ልጄ" አሉኝ፣ "እትዬ ታምሜ ነበር፣ ይሄ ነው ያዳነኝ" አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝና አብረን ጨፈርን።

አሁን የጥምቀቱን ቀሚስ እያሰፋሁ ነው፣ እዚህ አሜሪካ ያኔ ብርድ ስለሆነ ከላይ ኮት ይደረባል። ልኬት አወሳሰዱ ወይ ለሰፊ እንዴት እንደሚነገር ያልገባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሰፊው የጠየቀኝን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እልክላችኋለሁ።